አትሂጂ ያላት ዘፈን

ፊርደውስ አዩብን ያወቀችው በአንድ የተቀደደ እጅጌ ምክንያት ነው።

ከመካነ ሰላም ገበያ ወረድ ብሎ ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራት። ዕለቱ የከተማዋ በዓል ነው። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ካለፈ ወዲህ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሙዚቃ ሲሰማ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ከጧት ጀምሮ መንገዱን ሞልቶታል። እሷ ግን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ወደ በዓሉ የመሄድ ሐሳብም አልነበራት።

ድንገት አንድ ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ክራር በብብቱ ሸጉጧል። የነጭ ሸሚዙ አንድ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«እህቴ፣ አላህ ይውደድሽ፣ ድረሽልኝ! አሁን መድረክ ልወጣ ነው።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«የመኪናው በር ያዘኝ። እኔ ወረድሁ፣ እጅጌዬ ቀረ።»

ሳቋ አመለጣት። «በል አውልቀው።»

«ከሥር ምንም አልለበስሁም» አለ ወደ መንገዱ እየተገላመጠ። ጆሮው ቀላ።

«እንግዲያው እላይህ ላይ እሰፋዋለሁ። እንዳትነቃነቅ፣ መርፌ ነው።»

እሷ ስትሰፋ እሱ ሊዘፍነው ያሰበውን ዜማ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል።

«አታንጎራጉር። ትከሻህ ይንቀሳቀሳል።»

«መተንፈስስ ይፈቀዳል?»

«በልኩ ከሆነ።»

ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ጠጋ አለች። ቀና ስትል ዓይኖቹ እዚያው ጠበቋት።

ሊከፍላት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ሂድ፣ እየጠሩህ ነው» አለችው።

«እንግዲያስ መጥተሽ ስሚኝ። ካልመጣሽ መድረክ ላይ ይተረተርብኛል።»

ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ሱቋን ዘግታ ተከተለችው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሙዚቃ ለፊርደውስ ከስልክ የሚወጣ፣ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ ጋር የሚደባለቅ ነገር ነበር። ሜዳው ላይ ስትቆም ግን ከበሮው በጆሮዋ አልገባም፤ ከመሬት ተነሥቶ በእግሯ በኩል ወደ ደረቷ ወጣ። አዩብ ክራሩን ቃኝቶ ድምፁን ለቀቀው።

«ደጋው ብርዱ ቢመር፣ ቆላው ቢያቃጥልም፣
አፈሩ አፈሬ ነው፣ በሌላ አልለውጥም።»

ሊደግመው ሲል መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ጭጭ አለ። ሕዝቡ «አይ!» ብሎ ተንጫጫ። አዩብ ግን አላቆመም። ማይክሮፎኑን ትቶ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣና በባዶ ድምፁ ቀጠለ። ፊት ያሉት ተቀበሉት፤ ከእነሱ ኋላ ያሉት ተቀበሉ። ነፋስ የገብስ ማሳን ረድፍ በረድፍ እንደሚያስተኛው ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ባለ ጥምጣሙም፣ ባለ ማተቡም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም አንድ አፍ ሆኑ።

ከጎኗ የቆሙ የማታውቃቸው ሽማግሌ ትከሻዋን ያዙ። «ልጄ፣ አንድ ወንድ ልጄን በዚያ ጦርነት ቀብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፄ ሲወጣ ዛሬ ገና ነው» አሏት። እንባቸውን አልጠረጉም።

አገር ለፊርደውስ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የሚባል ቃል ነበር። መታወቂያ ላይ የሚጻፍ፣ በሬዲዮ የሚለፈፍ። ያን ቀን ግን በትከሻዋ ላይ የዚያን ሽማግሌ እጅ ክብደት ተሰማት፤ አገር የሚሉት ይህን ይሆናል አለች በልቧ። ደግሞም ይህን ያሳያት ሰው እጅጌው በእሷ ክር የተያዘ መሆኑን አስታወሰች። ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ አዩብ ለሚዘፍንበት የባህል ቡድን የሚሰፋ ልብስ አያጣም ነበር። የሚሰፋ ባይኖርም ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሱቋን ስትዘጋ ወደ ከተማው ዳር ይወጣሉ፤ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ይቀመጣሉ። አባቱ መንዙማ የሚያወርዱ ሰው እንደነበሩ፣ ከበሮ መምታት የተማረው በአባቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ነገራት።

«አዲስ አበባ ና ብለውኝ ነበር» አለ አንድ ቀን ቁልቁል እያየ። «አልሄድሁም። እኔ የምዘፍንለት አፈር ላይ ቆሜ ካልሆነ ድምፄ አይወጣም።»

እሷ ይህን ስታስታውስ የምትሰፋው ልብስ ሁሉ ይቀናላት ነበር።

ነገር ግን ቤቷ ሌላ ቀጠሮ ነበረው። ታላቅ እህቷ ኸዲጃ ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። እናታቸው እመት ወርቂቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም፣ የቤቱ ቆርቆሮም፣ የፊርደውስ የስፌት መኪናም ከኸዲጃ ላብ የመጣ ነው። አሁን ኸዲጃ ደክሟታል። አሠሪዎቿ ታናሽ እህቷን በእሷ ቦታ ሊቀበሉ ተስማምተዋል። ፊርደውስ ትሄዳለች፣ ኸዲጃ ትመለሳለች። ነገሩ ከአዩብ በፊት ያለቀ ነገር ነበር።

ቪዛው መውጣቱ ሲነገራት ለአዩብ አወራችው። ክራሩን ከጭኑ ላይ አወረደ።

«ሂጂ ልበልሽ? ከአፌ አይወጣም። አትሂጂ ልበልሽ? መብት የለኝም።»

«መብቱን ብሰጥህስ?»

ቀና ብሎ አያት። መልሱን የሰጣት ከዚያ በኋላ በመጣው የዒድ በዓል፣ ሕዝብ ፊት ነው።

በጦርነቱ ለፈረሰው ትምህርት ቤት ማሠሪያ የባህል ቡድኑ ከሰዓት በኋላ ዝግጅት አቅርቦ ነበር። አዩብ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ መካከል በዓይኑ ፈለጋት። ሲያገኛት ክራሩን ጀመረ። ግጥሙ አዲስ ነው።

«ሂጂ ቢሉሽ እንኳ ጥለሽን አትሂጂ፣
አገር የሚያቆመው የቀረ ነው እንጂ።»

እናቶች እልል አሉ። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉባቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሕዝቡ ለአገር የተዘፈነ መስሎት ይቀበላል፤ ፊርደውስ ግን ዓይኑ የት እንዳረፈ ታያለች። እግሯ መሬቱ ላይ የተተከለ መሰላት። ሁለቱ ፍቅሮች፣ የሰውየውና የአገሩ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሆኑባት፤ የቱ የት እንደሚያበቃ ልትለይ አልቻለችም።

በማግስቱ ለኸዲጃ በቪዲዮ ደወለችላት።

«እኔ አልመጣም፣ ኸዲጅ።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። አገሬን ጥዬ መሄድ አልፈልግም።»

ኸዲጃ ጎንበስ ብላ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። ከኋላዋ የሰው ወጥ ቤት ነጭ ግድግዳ ይታያል።

«እኔስ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ አገር የለኝም?»

ፊርደውስ ዓይኗን ከስልኩ አነሣች።

«ሰው አገኘሽ መሰለኝ» አለች ኸዲጃ። «እሺ። ውሌን አሳድሳለሁ። እማን አደራ።» ስልኩ ተዘጋ። ያ «እሺ» ከስድብ ይልቅ ከበዳት፤ ግን ወጣት ናት፣ ፍቅር ይዟታል፣ ስለዚህ ቶሎ ረሳችው።

ክረምቱ ሲወጣ የአዩብ አጎት ሼህ አሕመድኑር ሁለት ሽማግሌና ራሱን አዩብን ይዘው ለጋብቻ መጡ። እመት ወርቂቱ ሽማግሌዎቹን አክብረው ከሰሙ በኋላ ወደ አዩብ ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ። ሀብትህን አልጠይቅህም። አንዷን ልጄን ባሕር ማዶ ሰጥቻለሁ። ይችኛዋን የምሰጥህ እዚሁ ከዓይኔ ሥር እንድትኖርልኝ ነው።»

«ወላሂ እማ፣ ከዚህ የትም አንሄድም» አለ አዩብ። አጎቱ ሳይቀሩ «በአላህ አትማል፣ ቃልህ ይበቃል» አሉት። እሱ ግን ደግሞ ማለ።

የጋብቻው ኒካህ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ረመዳን ሳይገባ የባህል ቡድኑ ጀርመን አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዓል ተጠራ። የቡድኑ መሪ ካሳ፣ ከበሮ መቺው ጎልማሳ፣ ደስታውን መያዝ አቅቶት ከሱቅ ሱቅ እየዞረ አወራ። ፊርደውስ የአዩብን የመድረክ ልብስ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ጠለፈችው። አንገቱ ዙሪያ የከተማዋን ደጋ የሚመስል አረንጓዴ ጥልፍ ሠራችለት።

አውቶቡሱ ሲነሣ ልትሸኘው ወጣች።

«ሦስት ሳምንት ናት፣ ፊርዱ።»

«ምን እንዳመጣልሽ ትፈልጊያለሽ ብለህ አትጠይቀኝም?»

«ምን ላምጣልሽ?»

«ራስህን።»

ሳቀ። ግን እጇን ሲጨብጥ ዓይኑ አውቶቡሱ ላይ ነበር። ብርዱ አስቸኩሎት ነው ብላ አለፈችው።

የዝግጅቱ ቀን ጎረቤቷ እቴቴ ሻይ ቤቷን ትታ፣ ሌሎች ሴቶችም ተጨምረው በፊርደውስ ስልክ ላይ ተደፉ። ዝግጅቱ በቀጥታ ይተላለፋል። ሥዕሉ እየተቆራረጠ አዩብ ብቅ አለ፤ ጥልፉ በመብራቱ ያንጸባርቃል። ያንን ዘፈን ጀመረ። «ጥለሽን አትሂጂ» ሲል አዳራሹ አብሮት ጮኸ፤ ባንዲራ የለበሰ ጎረምሳ ጉልበቱን አቅፎ ሲያለቅስ ታየ።

«ማሻአላህ! ያንቺኑ ዘፈን በሰው አገር ነገሠበት እኮ!» አለች እቴቴ፣ ጀርባዋን እየደበደበች።

ፊርደውስ በኩራት ስልኩን ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረገችው።

ቡድኑ ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ሄዳ ጠበቀች። ክራሩ ወረደ። ካሳ ወረደ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው እየወረዱ በአጠገቧ አለፉ።

«አዩብስ?» አለች።

ካሳ ወደ ሱቋ ይዟት ሄደ። በርጩማ ስባ ብትሰጠውም አልተቀመጠም።

«የመጨረሻው ዕለት ጧት ከሆቴል ወጣ። አልተመለሰም።»

«ጠፋ? አንድ ነገር ሆኖ እንዳይሆን! ፖሊስ ጠየቃችሁ?»

«እህቴ፣ አልጠፋም። ሰው መጥቶ ወሰደው። የሚቀበለው ሰው ነበረው።» ካሳ ቆቡን እጁ ውስጥ አዟዟረ። «እኔንም ሸውዶኛል። ሁላችንም በእሱ የተነሣ ሁለተኛ አንጠራም። እንደሚቀር የነገረኝ እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ግብዣውንም ያፈላለገው እሱ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ሲያስብበት ኖሯል።»

«ከአንድ ዓመት በላይ?» ፊርደውስ ወደ ኋላ አሰበች። «ከዒዱ ዝግጅት በፊት?»

ካሳ ገባው። መዋሸት ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን አልቻለም። «ከዒዱ በፊት» አለ።

ፊርደውስ አላለቀሰችም። መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ካሳ ሲወጣ እንኳ አላየችውም። ጥሏት መሄዱን ልትሸከመው ትችል ነበር። ያልቻለችው ያንን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓይኑ ሕዝቡ መካከል እየፈለገ ሲያገኛት፣ እግሯ መሬቱ ላይ ሲተከል፣ እሱ በልቡ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር።

ረመዳን አጋማሽ ላይ ደወለ። ቁጥሩ ረጅምና እንግዳ ነው።

«ፊርዱ፣ አፈር ስሆን፣ አትዝጊው። አስረዳሻለሁ።»

«አስረዳኝ።»

«የመኖሪያ ወረቀቴ ሲያልቅልኝ አንቺንም አወጣሻለሁ።»

«ከምን ነው የምታወጣኝ?»

ከበስተኋላው የባቡር ድምፅ ይሰማል።

«መሄድህ አይደለም፣ አዩብ። ስንቱ ሄዷል፤ የእናቴም ልጅ ሄዳለች። እኔን አትሂጂ ስትለኝ አንተ መንገድ ላይ ነበርህ?»

«ዘፈን ነው እኮ ፊርዱ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «ሕዝብ ፊት የሚባል ዘፈን ነው። አንቺ ትሰሚዋለሽ እንጂ ትኖሪበታለሽ አላልሁም።»

«እኔ ግን ኖርሁበት።»

ስልኩን ዘጋችው። እመት ወርቂቱ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። መሐላውን አንድም ቀን አላነሡባትም። ይህ ደግሞ የበለጠ ያቃጥላት ነበር።

ከተማው ትንሽ ነው፤ ወሬው ሰነበተ። ቀጥሎ ያለው ዝግጅት ሲደርስ ካሳ ወደ ሱቋ መጣና የአዩብን ዘፈን እንተወው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዲስ ዘፋኝ አግኝተዋል፤ ሀጀራ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ።

«ሕዝቡ ይፈልገዋል?» አለች ፊርደውስ።

«ካልዘፈናችሁት አናስወርዳችሁም ይላል።»

«እንግዲያ ዝፈኑት።»

አልሄድም ብላ ነበር፤ ሄደች። ዳር ቆመች። ሀጀራ ድምፅዋ ቀጭን፣ ግን የማይሰበር ነው። «አገር የሚያቆመው የቀረ ነው እንጂ» ስትል ከበሮው እንደ ድሮው ከመሬት ተነሥቶ በእግሯ በኩል ገባ። ፊርደውስ በዚህ ተናደደች። ዘፈኑ እንዲያስጠላት ፈልጋ ነበር፤ አላስጠላትም። ውሸታም ሰው እንዴት ይህን ያህል እውነት ከአፉ ይወጣዋል? በዙሪያዋ የሚያለቅሱትን አየች። እነሱን ማንም አልዋሻቸውም። የራሳቸውን አገር ነው የሚያለቅሱት። እሷ ብቻ ናት ዘፈኑን ከዘፋኙ ጋር አስተሳስራ የሰፋችው፤ አሁን መተርተሩ የእሷ ሥራ ነው። ከማለቁ በፊት ወጥታ ሄደች። ቤት ስትደርስ ለኸዲጃ ደወለች።

«ነይ» አለቻት። «ውልሽ ሲያልቅ አታድሺው። እኔ እሰፋለሁ፤ የባህል ቡድኑም፣ የትምህርት ቤቱም ልብስ ተሰጥቶኛል። የእማ መድኃኒት አይጎድልም። ነይ።»

«ሰውየው ሄደ አሉኝ» አለች ኸዲጃ።

«ሄደ።»

ኸዲጃ አልሳቀችም፣ አላዘነችም። «እዚህ ያሉ ልጆች ያንን ዘፈኑን ስልካቸው ላይ ይዘውታል። ዕቃ ሳጥብ እሰማዋለሁ። እዚህ ያስቀረኝ እሱ መሆኑን እያወቅሁ እሰማዋለሁ» አለችና ዘጋች።

ኸዲጃ በመስከረም ገባች። ፊርደውስ ደሴ ድረስ ሄዳ ተቀበለቻት። ተቃቀፉ፤ ግን የኸዲጃ ክንድ ቶሎ ላላ። ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል፤ ሲጠሯት እንደ ወታደር ብድግ ትላለች። አውቶቡሱ በለጋምቦ ደጋ በኩል ሲያልፍ መስኮቱን ከፍታ ብርዱ ፊቷን እንዲገርፋት አደረገች። ተሳፋሪው ሲቆጣ እንኳ አልዘጋችውም።

ሱቁ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር ተጨመረ። ኸዲጃ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ስለ ሥራ ያወራሉ፤ ስለ ሌላ ነገር አያወሩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያ ረጅም ቁጥር እንደገና ደወለ። ፊርደውስ ብዙ ጊዜ ሳታነሣው ቀርታለች። ዛሬ እህቷ ፊት አነሣችው።

«ሬስቶራንት ውስጥ እዘፍናለሁ» አለ አዩብ። ድምፁ ደክሟል። «ሰዉ ያለቅሳል። እኔ ግን… ተይው። ይቅር አልሽኝ ወይ አልልሽም። እንዲያው፣ አገር እንዴት ነው?»

ፊርደውስ በሩን አሻግራ አየች። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ገብቶ ነበር፤ ገብሱ ግን ደርሷል። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው ተመቷል። የእቴቴ ልጅ ወልዳለች። ይህን ሁሉ ልትነግረው ምላሷ ላይ መጣ። ከዚያም ዋጠችው።

«ደህና ነው» አለች። «ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ፣ አዩብ።»

ስልኩን አስቀመጠችና መኪናዋን ልትረግጥ እግሯን አነሣች። ካሳ ቆቡን እያዟዟረ ከነገራት ቀን ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ፤ የምትሰፋው ነጭ ጨርቅ ላይ ወረደ። ኸዲጃ ካውያዋን አቁማ ጨርቁን ከሥሯ ሳበችው፤ እንዳይበላሽ። ከዚያ አጠገቧ ቆመች።

«ኸዲጅ» አለች ፊርደውስ በሳግ መካከል። «አፉ በይኝ። አንቺን ያን ጊዜ…»

«ዛሬ አይደለም» አለች ኸዲጃ። እጇን እህቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ዕቃ በማጠብ የሻከረ እጅ ነው። «ዛሬ የምታለቅሺው ለእሱ ነው። ነገ ጠይቂኝ።»

ፊርደውስ በማግስቱ፣ ሱቁን ከመክፈቷ በፊት፣ ጠየቀቻት።